መኪናዬን የሚያስቆመው አዛን

አርብ ከሰዓት በኋላ አደን ጫቷን ይዛ ቁጭ ትላለች። እዚህ ቃሉዓ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከቤታችን ሥር ያለው ባለሱቅ ሳይቀር በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ጉንጩን ወጥሮ ጋደም ይላል፤ ስኳር ስጠኝ ብትሉት ከጣፋጭ እንቅልፍ የቀሰቀሳችሁት ያህል ይገላምጣችኋል። እኔ ጫት አልቅምም። ለጫት ይጠሩኝ ከነበሩት ሴቶች ግማሾቹ ከአደን ወጥተዋል፣ ግማሾቹ ደግሞ ደጋግሜ እምቢ ስላቸው ትተውኛል። ምን ላድርግ፣ ሰው ሲበዛ ራሴን ያመኛል፣ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ሆዴ ይባባል። እውነቱን ለመናገር ብቻዬን ነኝ። እናታችን ድሮ ነው የሞተችው። አባባም ከሞተና ታናሽ ወንድሜ ዱባይ ከሄደ ወዲህ በዚህ ቤት አማርኛ የሚናገር ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ የምናገረውም ከድስት ጋር ነው፣ ሲያርብኝ።

ስለዚህ አርብ ከሰዓት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ወንድሜና እኔ መኪና እንነዳለን። በኮምፒውተር ነው፤ መሳቅ ይቻላል። እሱ ዱባይ በአንድ የዕቃ መጋዘን ይሠራል፣ አርብ ያርፋል። እሱ ከዚያ በራሱ ኮምፒውተር፣ እኔ ከዚህ እሱ ትቶልኝ በሄደው አሮጌ ኮምፒውተር በኢንተርኔት እንገናኝና፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን፣ ሁለታችንም ረግጠነው በማናውቀው የፈረንጅ አገር ጎዳና ላይ ባለተሳቢ የጭነት መኪና እንነዳለን። ድምፃችን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። በሌላ ቀን እምብዛም አይደውልም፤ ሲደውልም «ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ሳምንቱን ሙሉ ያለኝ ሰው በዚያች ከሰዓት የማገኘው ወንድሜ ነው።

ሌላ ጨዋታ ጠፍቶ ለምን የጭነት መኪና ካላችሁ፣ አባባ የወደብ ድሬወል ነበር። አደን ሾፌርን ድሬወል ነው የምትለው፤ ከእንግሊዞች የቀረ ቃል ነው። ከደሴ ገና ጎረምሳ ሳለ መጥቶ፣ ዕድሜውን ከመዓላ ወደብ እየጫነ ሼክ ዑስማን ሲያራግፍ ኖረ። ወንድሜ ጨዋታውን ኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ጊዜ አባባ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ወንበር ስቦ ከኋላችን ይቀመጥና «ፍሬቻ! ፍሬቻ አሳይ አንተ ጉድ! ሰው ልትገል ነው እንዴ?» እያለ ያፋጥጠን ነበር። እኔ ስነዳ ግን ዝም ይላል። ዝምታው ከስድብ ይብሳል።

የምንነዳው ከሰዓት ላይ ነው፣ ምክንያቱም የአደን መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፣ ሳይናገር ይመጣል ሳይሰናበት ይሄዳል። እኔን የሚያኖረኝ ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር ነው። ፀሐይዋ ጠንክራ ስትመታ ኮምፒውተሩንም ባንካውንም፣ ማለቴ የጣሪያውን ማራገቢያ፣ አንድ ላይ ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱም ይለምኑኛል። ባንካውን እመርጣለሁ።

ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ? ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። ፉል ስክሪን ሲባል ጨዋታው ስክሪኑን ጠቅላላ ይዞ ሌላውን ሁሉ ከኋላው ይደብቃል ማለት ነው። መሆን የነበረበት እንዲያ ነው። የእኔ ቤት ሰው የለውም እንጂ የእኔ ኮምፒውተር ሰው የበዛበት ነው፤ ሁሉም ሳያንኳኳ ይገባል።

አንደኛው አለቃዬ ነው። መዓላ ውስጥ የነጋዴዎችን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ አለቃዬ ደግሞ አርብ የሚባል ቀን አያውቅም። የቢሮው ቡድን ውስጥ የድምፅ መልእክት በላከ ቁጥር ከስክሪኑ ግርጌ ያለችው የፕሮግራሞች መደርደሪያ፣ ታስክባር የሚሏት፣ ብርቱካንማ ሆና እየተርገበገበች ብቅ ትልና የፍጥነት መለኪያዬ ላይ ቁጭ ትላለች። አትሄድም። እንደ ወሬኛ ጎረቤት ናት፣ ካልጋበዟት አትነሳም። ሌላው የሺፍት ቁልፍ ነው። ማርሽ የምቀይረው በእሱ ነው፤ ዳገት ላይ ደጋግሜ ስጫነው ኮምፒውተሩ ጣቶቼ ታመው እንደሆነ ተጨንቆ የእርዳታ ሳጥን ይከፍትልኛል። ጣቶቼ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ! ደግሞ ሦስት ቋንቋ ጭኜበታለሁ፣ ዐረብኛ ለቢሮ፣ እንግሊዝኛ ለመርከብ ወረቀት፣ አማርኛ ለወንድሜ። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ከተነካ «የትኛውን ቋንቋ?» እያለ መንገዱ መሀል ይቆማል። ያረቢ፣ ኩርባ ላይ ሆኜ ቋንቋ ልምረጥ?

ከእነዚህ አንዱ በመጣ ቁጥር ጨዋታው ወደ ታች ይወርዳል። መኪናዬ ግን አትቆምም። መሪዋን የያዘ ሰው እንደሌለ ቀጥ ብላ ትሄድና የመንገዱ ዳር ብረት ላይ ትለጠፋለች።

ከሁሉም የባሰው ግን የአባባ አዛን ነበር።

አባባ ጡረታ ከወጣ በኋላ የሶላት ሰዓት የሚነግር ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ይጫንልኝ አለ። ወንድሜ አወረደለትና ሻይ ሊጠጣ ተነሳ። ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከተማ። እንግዲህ አባባ ዕድሜውን በሙሉ ጠረጴዛ ፊት የቆመ ሰው ነው። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ ሊያድስ በሄደ ቁጥር፣ የወደብ መግቢያ ካርድ ሊያወጣ በሄደ ቁጥር፣ ፍተሻ ላይ ባስቆሙት ቁጥር «ከየት ነህ?» ይሉታል። አንድ ጊዜ «ከአደን» ብሎ ቢመልስ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቁመውታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከተማ ብሎ ሲጠይቀው አልተጃጃለም። መነጽሩን አድርጎ፣ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ፣ ደሴ ብሎ ጻፈለት።

ደሴ ከእኛ ወደ ምዕራብ ናት፤ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትደርስላት። የሰፈራችን መስጊድ አዛን ብሎ፣ ሰው ሰግዶ፣ ወደየቤቱ ተመልሶ ትራሱን ሲያመቻች፣ የእኛ ቤት ኮምፒውተር ገና «አላሁ አክበር» ብሎ ይጀምራል። ወንድሜ ነገሩ ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አባባ፣ እሱ እኮ ፖሊስ አይደለም! የት ሆነህ እንደምትሰግድ ነው የጠየቀህ» አለው። አባባ ትንሽ አፈረ። ወንድሜ «ና ላስተካክልልህ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ግን ገፋው።

«ተወው» አለ። «ስበላም ስሠራም በእነሱ ሰዓት ነው። አንድ ነገር እንኳ በአገሬ ሰዓት ይጥራኝ።»

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የዐስርን ሶላት በደሴ ሰዓት መስገድ ጀመረ። ረመዳን ላይ ግን አባባ የሚያፈጥረው ከአደን ጋር ነበር፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም።

ይኸው ፕሮግራም ነው እስካሁን ያለው። ሰዓቱ ሲደርስ አረንጓዴ ሚናራ የተሳለበት መስኮት ከሁሉ ፊት ይከፍትና፣ በእጅ እስኪዘጉት ድረስ በስፒከሩ ድምፁን ለቆ አዛኑን ይላል። አርብ ዐስር ላይ ታዲያ የትም ብንሆን፣ ድልድይ ላይም ብንሆን፣ ጨዋታው ከፊቴ ይጠፋና ሚናራው ይመጣል። መኪናዬ ወደ ብረቱ፣ ወንድሜ ወደ ጩኸቱ።

«አባባ መጣ!» ይላል በጆሮዬ። «ወላሂ ዛሬስ ዘለልነው ብዬ ነበር። በይ ቶሎ ስገጂና ነይ፣ ሞተሬ እየሠራ ነው!»

የሞተሩ ነገር የአባባ ነው። አባባ ሰው ሞተሩን ሳያጠፋ ሲጠብቀው ይናደድ ነበር። «ይኼ እየጠበቀኝ አይደለም፣ ሊሄድ ነው» ይላል። እሱ ራሱ እኛን ከትምህርት ቤት ሊወስደን ሲመጣ ከበሩ ፊት ያቆምና ሞተሩን ድርግም ያደርጋል፤ እኛም ስንሰማው ጨዋታችንን ሳንቋጭ አንወጣም ነበር። ወንድሜ ይህን እያወቀ ነው ሞተሬ እየሠራ ነው የሚለኝ፤ ሊያናድደኝ።

እኔም ማዳመጫውን ወንበሩ ላይ አንጠልጥዬ፣ በአባባ መስገጃ ላይ እሰግዳለሁ። ስመለስ መኪናው ከመንገዱ ዳር ቆሞ፣ እሱ ሻይ እየጠጣ ይቆየኛል። ወዲያው አንነሳም። እሱ አንድ ነገር ይላል፣ እኔ አንድ ነገር እላለሁ። ጥርሱ እንዳመመው፣ አብሮት የሚኖረው ግብፃዊ ሲያንኮራፋ ግድግዳው እንደሚሰማው፣ ደረጃችን ተጠግኖ እንደሆነ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን እንቆያለን። ከዚያ «በይ እንሂድ» ይላል፤ እንሄዳለን።

አንድ አርብ እንግዲህ ድምፁ ተለወጠብኝ። አዛኑ መጥቶ ተለጥፌ፣ ሰግጄ ስመለስ ሻይ አልያዘም ነበር። አብረውት የሚሠሩ ልጆችም ይህንኑ ጨዋታ ጀምረው ኖሯል፣ በቡድን ሰልፍ ሠርተው ይነዳሉ።

«እታለም» አለኝ። የደሴ ሰዎች እህትን የሚጠሩበት ነው፣ ከአባባ የወረሰው። «ልጆቹ እየሳቁብኝ ነው። እህትህ በየሳምንቱ ብረት ትገጫለች፣ አንተም ትቆማለህ፣ ከእኛ ጋር ለምን አትነዳም ይሉኛል። ኮምፒውተሩን አስተካክዪው። ካልሆነም ከእነሱ ጋር ልንዳ፣ አንቺም እረፊ።»

አንቺም እረፊ! ከምኑ ነው የማርፈው? ስድስቱን ቀን ያረፍኩት አይበቃም? አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። «አብሽር፣ አስተካክለዋለሁ» አልኩት። ዘጋው። ይህች ከሰዓትም ከሄደችብኝ አርብን ምን እንደማደርጋት አላውቅም።

በማግስቱ ጀመርኩ። ከቢሮ እየመጣሁ፣ ፀሐይዋ ሳትወርድ፣ ረባሾቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። የአለቃዬን ቡድን ድምፁንም ብልጭታውንም ዘጋሁት፤ በእውነት ደስ አለኝ። የሺፍቱን እርዳታ ከሴቲንግ ውስጥ ፈልጌ አጠፋሁት። ቋንቋ የሚያቀያይሩትን ሁለት ቁልፎች ሥራ አስፈታኋቸው። «ኮምፒውተሩን ልዝጋውና ላድሰው?» የሚለውን ማሳወቂያ ለሌላ ጊዜ ቀጠርኩት። ታስክባሯ ግን ወይ ፍንክች። እንድትደበቅ ብነግራትም ትደበቅና ተመልሳ ጨዋታው ላይ ትወጣለች። ለወንድሜ ጻፍኩለት፣ እሱም ለአንድ ጊዜ በምሳ እረፍቱ ደወለ።

«ሦስቱን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫኚ። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው፣ ታስክ ማናጀር የሚሉት፣ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ዴስክቶፑን የሚያስኬደውን ፈልጊና እንደገና አስነሺው።»

ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ሁሉ ድርግም ብሎ ጠፋ፣ ታስክባሯም፣ ፋይሎቹም፣ ከጀርባ ያለው ፎቶም። ፎቶው አባባ መኪናው በር ላይ ተደግፎ የቆመበት ነው። «ወይኔ! ገደልኩት!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ተመለሰ፣ አባባም ተመለሰ። ታስክባሯም ከዚያ በኋላ ጨዋ ሆነች።

«አሁን አዛኑ ቀረ» አለ ወንድሜ።

«እሱን ተወው።»

«እታለም፣ ዋናው እኮ እሱ ነው። እሱን ትተሽ ምኑን አስተካከልሽው?»

«የአባባ ነው።»

 ቀስ ብሎ፣ «አባባ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይደለም ያለው» አለኝ።

ይህን ማለት አልነበረበትም። ግን ልክ ነው። ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ደሴ የምትለው ቃል አባባ እንደጻፋት አለች፤ እሷን አልነካኋትም። ከሥሯ መስኮቱ ከሁሉ ፊት ይከፈት የሚል ምልክት አለ። ምልክቱን አነሳሁት፣ ድምፁንም ዘጋሁት። ሰዓቱ ሲደርስ ከእንግዲህ ማንም ሳይሰማው ይመጣል፣ ማንም ሳይሰማው ይሄዳል። ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ሰሃን አጠብኩ።

አርብ መጣ። እንዴት ያለ መንገድ ነበር! ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ጎዳና ብቻ። ብቅ የሚል የለም፣ የሚያብለጨልጭ የለም። የሰፈሩ መስጊድ አዛን በመስኮቴ ገብቶ አለፈ። የደሴው ሰዓት ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ አለፈ፤ እኔ ግን አንገቴን አዙሬ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ወንድሜ «ግራሽን ያዢ»፣ «ነዳጅ እንሙላ»፣ «ራዳር አለ፣ ቀስ» ይላል። እኔ «እሺ» እላለሁ። ሌላ ያወራነው የለም። ሳንቆም፣ ሳንገጭ፣ ጭነቱ ሳይጫር ደረስን።

«ማሻአላህ!» አለ። «ዛሬ ገና እንደ ሰው ነዳሽ። አባባ ቢያይሽ! በይ፣ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው፣ ከእነሱ ጋር አንድ መንገድ ልሂድ። የሳምንት ሰው ይበለን።»

ሄደ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ባትሪው ሙሉ ነው። ባንካው ይዞራል። ስክሪኑ ላይ የቆመች መኪናዬ፣ ባዶ ማራገፊያና ሰማይ ብቻ አለ። ማዳመጫውን ሳላወልቅ እዚያው ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ብቅ ቢል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወላሂ አለቃዬም ቢሆን። ሁሉንም በገዛ እጄ አስወጥቻቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስለ ወንድሜ የማውቀው ሁሉ፣ ጥርሱ፣ ግብፃዊው፣ ከፎቅ ወድቆ የሞተው የሥራ ባልደረባው፣ ልታገባው እንደሆነ ያልለየላት ልጅ፣ ሁሉንም የሰማሁት መንገድ ዳር ቆመን ነው። መኪናው እየሄደ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ቁም ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ጥርሱ ዳነ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም፤ መጠየቂያው ቦታ አልመጣም። አለቀስኩ። ለማን ብዬ እደብቃለሁ፣ ቤቱ ውስጥ ማን አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ምልክቱን ብመልሰው ወንድሜ ከልጆቹ ጋር ይሄዳል። ባልመልሰው ይመጣል፣ ይነዳል፣ «ማሻአላህ» ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም መሄድ ነው። አርብ ጠዋት ፕሮግራሙን ከፈትኩና ምልክቱን መለስኩት። ድምፁንም እስከ ጥግ ከፈትኩት።

ከሰዓት ተገናኘን። መንገዱ ዳገት ነበር፣ ሁለታችንም ከባድ ጭነት ይዘናል። የመስጊዱ አዛን አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ጊዜ እንዴት እንደነዳኋት አላውቅም፤ መሪውን ትቼ ጆሮዬን ነው የያዝኩት። መጣ። ጨዋታው ወደቀ፣ አረንጓዴው ሚናራ ስክሪኑን ሞላው፣ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ከሚናራው ጀርባ መኪናዬ ከብረቱ ጋር ስትላተም ሰማሁ።

«እንዴ!» አለ ወንድሜ። «አጥፍቼዋለሁ አላልሽም ነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ኮምፒውተሩ ያረጀ ነው፣ ሁሉንም ነገር በእሱ ማላከክ ይቻላል። ግን «እኔ ነኝ የመለስኩት» አልኩት። «ሳምንት ሳንቆም ደረስን። ጥርስህን እንኳ ሳልጠይቅህ ሄድክ።»

 አዛኑ በማይኩ ወደ እሱ እየሄደ እንደነበር አውቃለሁ፤ አልዘጋሁትም፣ እሱም ዝጊው አላለኝም። የደሴው የዐስር አዛን እስኪያልቅ ሁለታችንም ሰማን። ከእሱ ወገን፣ ከአዛኑ ሥር፣ የሞተሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ከጎኑ ሆነው በዐረብኛ ይጠሩታል፣ ና እንጂ፣ ልንነሳ ነው ይሉታል። አሁን «በይ ቻው» ሊለኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጥርሴን አስነቅዬዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ማኘክ አልቻልኩም። ስገጂና ነይ፣ እነግርሻለሁ።»

«ሞተርህ ይሠራል?» አልኩት።

ከማዳመጫው ውስጥ ድምፁ ድርግም ሲል ሰማሁት።

«አጥፍቼዋለሁ» አለ።